ያልተነጠፈው ጥግ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ ለአቶ አብዱሰመድ
መተማ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ ቀለል አለ? ሰሊጡ የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሆነ ፋታ እንደማይኖርዎት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቁርስ ሳይቀምሱ ከቤት እንዳይወጡ አደራ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። በስልክ ግማሹ ቃል እየተዋጠ ስለሚያስቸግርዎት ይህን ደብዳቤ ለሹፌሩ ለአሥራት ሰጥቼዋለሁ። እሱ እንደሆነ ጎጃም መንገድ ላይ ሲመላለስ በራችንን ሳይረግጥ አያልፍም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ለኋላው በረንዳ የሚነጠፈው ፖርስሊን ከመርካቶ በሰላም ደርሷል፤ መንገድ ላይ የተሰበረው ጥቂት ነው። መልኩ እንዳዘዙት አመድማ ነው። ፊቱ ሸካራ ስለሆነ ውሃ ቢተኛበትም አያንሸራትትም፤ የሚያብረቀርቀው የቤት ውስጡ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የእማዬ ተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ዝናብ በነካው ቁጥር ይሸሽ ነበር።

ሠራተኛው ማነው ላሉኝ፣ ፈቀደ ይባላል፤ የሆሳዕና ሰው ነው። እዚህ ከመምጣቱ በፊት ሰበታ ውስጥ ፋብሪካ ሲሠራ ወለል ያነጥፍ ነበር። ጴንጤ ነው፤ እየሠራ ይዘምራል፤ አዛን ሲሰማ ግን ማንም ሳይነግረው ዝም ይላል። አንድ ቀን ድምፁ ለእማዬ ይከብዳት ይሆን ብዬ ተው ልለው ስነሣ፣ እጄን ይዛ «ይዘምር» አለችኝ። ከታመመች ወዲህ ቃል እየቆጠበች እንደምትናገር ያውቃሉ፤ ለእሱ አንዱን አወጣችለት።

ከኋላ በሩ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ሁሉ ይነጠፋል። የሱሉልታ ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ፈቀደ አፈሩን በደንብ ቆፍሮ አውጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ ሊሞላ ነው። ገረጋንቲውንና አሸዋውን በፈረስ ጋሪ የሚያመላልስልን የጎረቤታችን የአዴ ገለቴ ልጅ ዘርሁን ነው፤ «አዴ» እዚህ «እማማ» እንደማለት ነው። የበሩ ደፍ ሳያግደው፣ ውሃው ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ የእማዬ ወንበር ከሳሎን ተነሥቶ ሳይንገጫገጭ ደጅ ይደርሳል።

ለመውሊድ ይደርሳል ወይ ላሉኝ፣ ኢንሻአላህ። አጥሩ ጥግ ሲቆፈር ድንጋይ ስለወጣ ሥራው ለጊዜው ቆሟል እንጂ ሌላ ችግር የለም።

እማዬ እጅዎን ትስማለች።

ልጅዎ ሲድራ


መተማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሲድራ፣

ወአለይኩም ሰላም። አሥራት ደብዳቤሽን ከነላቡ አስረከበኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቁርሴንም እበላለሁ።

ስለ ጎማው ጻፍሽ፣ ስለ ዝማሬው ጻፍሽ፣ ስለ ዋልካው ጻፍሽ። ስለ ድንጋዩ ግን አንድ መስመር። ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ፤ ብርጭቆ ሰብረሽ ስለ ድመቷ ታወሪልኝ ነበር። ድንጋይ ከሆነ ይነሣል፤ አንድ ሰው በዶማ፣ ሁለት ሰው በእጅ ያነሣዋል። ሥራ የሚያስቆም ድንጋይ እኔ አላውቅም። ምን እንደሆነ በትክክል ጻፊልኝ።

ለምን እንደምቸኩል አንቺ ታውቂያለሽ። እናትሽ በሽታው ግማሽ ጎኗን ከመታት ጀምሮ ጣሪያ እያየች ነው የምትውለው። ባለፈው ስለያት ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ደጅ»። እዚያው ሱሉልታ ድረስ ወስጄ ቤት የሠራሁላት ንጹሕ አየር ታገኛለች ብዬ ነው፤ አየሩ ግን በጭቃ ተከቦ ምን ያደርግላታል?

እዚህ የሚመጡ ሹፌሮች ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ወጥተዋል፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በሚባለው በማስተር ፕላኑ ነገር ነው ይላሉ። እናንተ ዘንድ ምንም ከሌለ «ምንም የለም» ብለሽ ጻፊ፤ ካለም አትደብቂኝ።

አባትሽ አብዱሰመድ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ድንጋዩ አሳጥሬ መጻፌ ልደብቅዎት ሳይሆን እንዴት እንደምጽፈው ጠፍቶኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ፈቀደ አጥሩ ጥግ ላይ ያለውን የግራዋ ቁጥቋጦ ነቅሎ ሲቆፍር ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አገኘ። ትንንሽ ናቸው፤ ጎን ለጎን፣ እኩል ተደርገው የተቀመጡ። አካፋውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ጠራኝ። «ሲድራ፣ ይኼ ከመሬት የበቀለ ድንጋይ አይደለም። ሰው ነው ያስቀመጠው» አለኝ።

እኛ እያየን ሳለን አዴ ገለቴ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። እኚህ ሴት ማን ናቸው እንዳይሉኝ፤ ግቢያችን የቆመበት መሬት የባለቤታቸው እርሻ ነበር። ባልየው ሲሞት ወንድሙ በደላላ ሸጠው፤ የገዛውም ሸጠው፤ ከዚያ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ለእሳቸው የቀረችው ከአጥራችን ማዶ ያለችው ቁራሽ ናት፤ እሷም ላይ ባለፈው ዓመት የማስተር ፕላኑ ነው የተባለ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎባታል። ከልጃቸው ከዘርሁን ጋር ነው የሚኖሩት።

«ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «እዚያ ጥግ ላይ ቆፈራችሁ?»

«አዎ፣ አዴ። ድንጋይ አገኘን።»

«ሁለት?»

«ሁለት።»

አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ኢጆሌ ኮ ናቸው» አሉ። ልጆቼ ናቸው ማለታቸው ነው።

ወደ ግቢ አስገባኋቸው። ከዘርሁን በፊት መንታ ወልደው ነበር። ክርስትና ሳይነሡ፣ ስም ሳይወጣላቸው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ያልተጠመቀ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም ተባለ። ባልየው ከቤታቸው ጓሮ ቆፍሮ ቀበራቸው፤ ድንጋዩን ያስቀመጠው ጅብ እንዳያወጣቸው ነው፤ ግራዋውን የተከሉት እሳቸው ናቸው። መሬቱ ሲሸጥ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ለማን እንደሚናገሩ አላወቁም። «ግራዋው እስካለ ድረስ ዝም ብዬ በአጥሩ አያቸው ነበር» አሉኝ።

አልጮሁም፣ አላለቀሱም። «ምን ልታደርጓቸው ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እኔም አባቴን ልጠይቅ አልኳቸው።

ፈቀደ ሌላውን ሁሉ አነጥፋለሁ፣ እዚያ ጥግ ላይ ግን ካወቅሁ በኋላ እጄ እሺ አይለኝም ብሏል። ፖርስሊኑን ዙሪያውን ቆርጦ ጥጉን አፈር እንደሆነ መተው ይቻላል ይላል። ምን እናድርግ?

ስለ ሌላው ነገር፣ ጫንጮ በኩል ትንሽ ግርግር ነበር ይባላል። እኛ ጋ ምንም የለም።

ሲድራ


መተማ፣ ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሲድራ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት፤ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ልቤ ድንጋይ አይደለም። የሴትዮዋ ነገር አሳዝኖኛል፤ አላህ ብርታቱን ይስጣቸው።

አሁን ግን እንደ አባት ብቻ ሳይሆን እንደ ነጋዴም ስሚኝ። ያንን መሬት በሕጋዊ ውል፣ በምስክር፣ በማኅተም ነው የገዛሁት። የዕድሜዬን ሥራ እዚያ ላይ አፍስሻለሁ። ዛሬ «ጥጉ የእሳቸው መቃብር ነው» ብለን ካጠርነው፣ ነገ አንዱ መጥቶ «መቃብሩ የእኛ ከሆነ መሬቱስ?» ይላል። እሳቸው አይሉ ይሆናል፤ ልጃቸው ይላል፤ ልጃቸው ባይል የልጃቸው ጓደኞች ይላሉ። በዚህ ጊዜ መሬት እሳት ነው፤ እኔ ደግሞ አንቺንና መራመድ የማትችል እናትሽን እሳት አጠገብ ትቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሌሊት የሚያባንነኝ ይኼ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሴትዮዋን በክብር አነጋግሪ። የሚወጣ ነገር ካለ በክብር ይውጣና እሳቸው ወደሚሉት ቦታ ይዛወር። ቤተ ክርስቲያኑ አልቀበልም ካለ እኔ መጥቼ ቦታ እፈልጋለሁ። እምቢ ካሉሽ ግን ሥራው ይጠናቀቅ። ፈቀደ አልችልም ካለ ሌላ ሰው ጥሪ። ለመውሊድ ዘመዶቻችን ሲመጡ ያለቀ ቤት ይዩ፤ ያላለቀ ነገር አፍ ያበዛል።

ጨካኝ ነው ብለሽ እንዳትቀየሚኝ።

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ።

በረንዳው አልቋል። ውሃ አፍስሰን ሞከርነው፤ እንደተባለው ወደ ቦዩ ይወርዳል። እማዬን በወንበሯ አወጣናት፤ ከሰዓት በፊት ፀሐይ ላይ ዋለች። ፊቷ ላይ ቀለም መጥቷል።

የመውሊዱን ነገር በተመለከተ፣ ዘመዶቻችን ዘንድሮ ባይመጡ ይሻላል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። መንገዱ አይመችም። እኛ ሰላም ነን፤ ስለ እኛ አያስቡ።

ፈቀደ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሰበታ ተመልሷል።

ለዛሬ ይኼው ነው። እጄ ስለበረደ አሳጠርኩ።

ሲድራ


መተማ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሲድራ፣

እጅሽ አልበረደም።

አሥራት ትናንት ማታ እዚህ ደረሰ። «ቤቱ እንዴት ነው?» አልኩት። «ያምራል፣ ጋሼ» ብሎ ዓይኑን ሰበረ። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ ዓይኑን የሚሰብረው ዕቃ ሲጠፋበት ነው። አጥብቄ ያዝኩት። እናንተ በር አካባቢ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቶ እንደነበር፣ ጥይት እንደተተኮሰ ነገረኝ። አንቺን ከአጥራችን ማዶ ድንኳን ውስጥ ጥቁር ለብሰሽ ተቀምጠሽ እንዳየሽም ነገረኝ። በረንዳውም ጥጉ ላይ ተቆርጦ አፈር እንደሆነ ነገረኝ።

የማን ለቅሶ ነው? ለምን ከሹፌር አፍ እሰማለሁ? «ሰላም ነን» ብለሽ የጻፍሽልኝ ሰላም የትኛው ነው?

ስለ ጥጉ በኋላ እናወራለን። መጀመሪያ እናትሽን ይዘሽ መርካቶ አጎትሽ ቤት ግቢ። ቤቱ ቢቃጠል ቤት ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ውጡ።

እኔ ልመጣ ነበር፤ ከዚህም መንገዱ አስተማማኝ አይደለም አሉኝ። እንደታሰረ በሬ እዚህ እዞራለሁ።

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

ምን ብዬ ሰላምታ እንደምሰጥዎት አላውቅም። ዋሽቼዎታለሁ። የዋሸሁት እርስዎን ፈርቼ አይደለም፤ ከዚያ ርቀት ሆነው ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር ስላልነበረ ነው። አሁን ሁሉንም እጽፋለሁ።

የሞተው ዘርሁን ነው። የአዴ ገለቴ ልጅ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። «ሥራው ይጠናቀቅ» የሚለው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ለእማዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና በጣቷ ወደ ደጅ አመለከተች። ገና ያልተነጠፈ ስለነበር ፈቀደ ጣውላ ደረደረ፤ ዘርሁንና እሱ ወንበሩን ከነእማዬ ተሸክመው ጥጉ ድረስ ወሰዷት። ሁለቱን ድንጋዮች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ «አትንኩ። ልጆች ናቸው» አለች። አባዬ፣ ከታመመች ጀምሮ እንዲህ ረዘም ያለ ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ዘርሁን ፊቱን አዙሮ ወደ ፈረሱ ሄደ።

ፈቀደ ያን ዕለት ክር ወጠረ። ውሃ ልኩን እያስቀመጠ፣ እያነሣ፣ ከኋላ በሩ ጀምሮ አንድ በአንድ አነጠፈ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ፖርስሊኑን እየቆረጠ ዙሪያውን ሄደ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አሸዋ አለቀ።

ጠዋት ላይ ነበር። ከጫንጮ በኩል መንገዱ ሊዘጋ ነው ይባል ነበር። እኔ «ዘርሁን፣ ነገ ይሁን» አልኩት። «ለመውሊድ ይድረስ አላሉም እንዴ አባትሽ?» አለኝ።

«ቢዘገይ ምን ይሆናል?»

«እናትሽ ፀሐይ ላይ ትውጣ። መንገድ ለመኪና ነው እንጂ ለጋሪ አይዘጋም» ብሎ ስቆ ሄደ።

ተኩስ የሰማነው ከቀትር በፊት ነው። ማን ተኮሰ፣ ለምን ተኮሰ፣ ይኼ ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል፤ እኔ አላየሁም፣ አልጽፍም። ፈረሱ ጋሪውን እየጎተተ ብቻውን መጣ። አሸዋው ተጭኖ ነበር። አሸዋው የእኛ ነበር፣ አባዬ። በዚያ ደብዳቤ ልጽፈው ያልቻልኩት ይህንን ነው።

ማታ ላይ በቃሬዛ አመጡት። በማግስቱ ተቀበረ።

ፈቀደና እኔ ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ወጣቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ከቃሉ ውስጥ «መሬት» የሚለውን ብቻ ለየሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልመለስ ነበር። አዴ ገለቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። ከጎናቸው የተቀመጠችውን ሴት ፈቀቅ አድርገው ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። እዚያ ተቀመጥኩ።

ጋሪው ላይ የነበረውን አሸዋ ማንም ሊነካው አልፈለገም። ከለቅሶው ቀናት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ፈቀደን ጠርተው «ለዚህ ነው የሄደው። ጨርሰው» አሉት። ፈቀደ እያለቀሰ ነው የጨረሰው። አልዘመረም።

ጥጉ እንደተተወ ነው። አዴ ገለቴ አንዳንድ ቀን ጠዋት ይመጣሉ፤ እማዬ በወንበሯ፣ እሳቸው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ወደ መርካቶ ሂዱ ያሉኝን መፈጸም አልቻልኩም፤ ለእማዬ ስነግራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ከፈለጉ ይቆጡኝ፤ ዝም ግን አይበሉኝ።

ሲድራ


መተማ፣ ጥር 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ፣

አልቆጣም።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ነው የከፈትኩት። «አሸዋው የእኛ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ሠራተኞቹን ወደ ቤታችሁ ሂዱ አልኳቸው፤ በሩን ዘጋሁ። ዐሱር ሰገድኩ፤ መግሪብም እዚያው ደረሰብኝ። ለመውሊድ ይድረስ ብሎ የጻፈው እጅ ይኼው የማየው እጄ ነው። አንቺ «ነገ ይሁን» ብለሻል፤ እኔ «ቶሎ» ብያለሁ። ይህን ከእኔ ሌላ ማንም አይሸከመው፤ አንቺም አትሸከሚው።

ልጃቸው መሬቱን ይጠይቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን እናትሽ ፀሐይ ታግኝ ብሎ ወጣ።

ጥጉ አይነካ። እኔ እስክመጣ ማንም አይርገጠው። ግንበኛ ፈልጊና ዙሪያውን በጠረብ ድንጋይ ዝቅ አድርጎ ይክበበው። ግራዋ የሚተከል ከሆነ ግራዋ ይተከል፤ እሳቸው የሚሉት ይሁን። አንድ ሰው «ይህ ምንድነው?» ብሎ ቢጠይቅሽ፣ የአዴ ገለቴ ልጆች ናቸው በይ፤ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

እናትሽ የተናገረችውን ደግመሽ ጻፊልኝ። በድምፅዋ ልሰማው እየሞከርኩ ነው።

የዋሸሽኝን ይቅር ብያለሁ። ሁለተኛ ግን አታድርጊው፤ ርቀቱ ብቻውን ይበቃኛል።

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እማዬ ያለችው «አትንኩ። ልጆች ናቸው» ነው። ይኼው ደገምኩልዎት። ይህን ልጽፍልዎት መሆኑን ስነግራት ፈገግ አለች።

የእርስዎ ደብዳቤና የእኛ ነገር መንገድ ላይ ተላለፉ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት።

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ የተነገረ ቀን እየሮጥኩ ሄጄ ለአዴ ገለቴ ነገርኳቸው። ገብስ እየለቀሙ ነበር። «ቀረ?» አሉኝ። «አዎ፣ አዴ፣ ቀርቷል።» እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አነሡ። «ዘርሁንስ?» አሉኝ። እዚያው ቁጭ አልኩ።

የዘርሁን አርባ ከወጣ በኋላ ደግሞ ወደ እኛ መጡ። ጫንጮ ያሉት ታናሽ እህታቸው በቀለች ሊወስዷቸው ነው፤ ብቻቸውን እዚህ መኖር አልቻሉም። ጥጉ አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ አልብሺልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ምኑን፣ አዴ?»

«እነዚህን። ከሌላው ጋር አንድ አድርጊልኝ።»

«ለምን? እኛ አንነካቸውም። እማዬ ብላለች፤ አባቴም...» ብዬ አቆምኩ፤ የእርስዎ ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም ነበር።

«እናንተ አትነኩም፤ አውቃለሁ» አሉኝ። «አንቺ ታገቢያለሽ። እናትሽና አባትሽም ለዘለዓለም አይኖሩም። ቤቱ ይሸጣል፤ ይኼ መሬት መሸጥ ለምዷል። የሚመጣው ሰው አፈር ካየ አበባ ልትከል ብሎ ይቆፍራል። እስከ ዛሬ በአጥሩ እያየሁ የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። እኔ ስሄድ ማን ያያቸዋል? ድንጋይ ካለበሳችኋቸው ግን ማንም ምክንያት የለውም።»

አባዬ፣ ያንን ጥግ ላለማስነጠፍ ከእርስዎ ጋር ተጣልቼ፣ ዋሽቼ፣ መጨረሻ ላይ እርስዎ መጀመሪያ ያሉትን ላደርግ ሆነ። እየፈለግሁት አልነበረም። እማዬን አየኋት። እሷ ደግሞ አዴ ገለቴን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን በእሺታ ጨፈነች።

ፈቀደን ከሰበታ አስጠራሁት። ዙሪያውን የተቆረጡትን አንሥቶ ሙሉዎቹን አመጣ። ሁለቱን ድንጋዮች ከነበሩበት ንቅንቅ አላደረጋቸውም፤ በላያቸው አሸዋ በእጁ ነሰነሰ። አዴ ገለቴ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው «እዚህ አትርገጥ፤ ራሳቸው በዚህ በኩል ነው» እያሉ ያሳዩት ነበር። የጎማ መዶሻውን አልተጠቀመም፤ እያንዳንዱን በመዳፉ እየተጫነ አስቀመጠ። ውሃ ልኩን ሲያደርግበት እሳቸው ጎንበስ ብለው ያችን ትንሽ የአየር ፊኛ አዩ። «ቀጥ ብሏል?» አሉት። «ቀጥ ብሏል፣ እናቴ» አላቸው። ሲጨርስ የት እንደነበረ አይለይም፤ ሁሉም አንድ አመድማ ሆነ። እኔ ቦታውን የማውቀው ከአጥሩ ስለቆጠርኩ ነው። ፈቀደ ዋጋ አልቀበልም ብሎ ሄደ።

ደብዳቤዎን አሥራት ያመጣልኝ በማግስቱ፣ እሳቸው ዕቃቸውን ሲጭኑ ነው። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ሄጄ አነበብኩላቸው፤ ያልገባቸውን ቃል በምችለው ኦሮምኛ እያስረዳሁ። «ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ» የሚለው ላይ አስቆሙኝ።

«አባትሽ ነው ይህን ያለው?»

«አዎ።»

«ዘገየ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። መኪናው ክላክስ አደረገላቸው፤ አልተነሡም። ቆይተው «እንደገና አንብቢልኝ» አሉኝ። እንደገና አነበብኩላቸው።

ሲሳፈሩ ለእርስዎ ምን ልበል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጆች አሉኝ ብሎልኛል። ሌላ ምን ልበል?» ብለው ሄዱ።

ሲድራ


መተማ፣ ጥር 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሲድራ፣

የዘንድሮውን ሰሊጥ አስረክቤያለሁ። መንገዱም ተከፍቷል ተባለ። ከነገ ወዲያ ከአሥራት ጋር እነሣለሁ፤ ይህን ግን ቀድሞኝ በሚሄድ መኪና እልክልሻለሁ፤ ከእኔ በፊት መልስ እፈልጋለሁና።

ከዚህ ስመጣ ጫንጮ ከሱሉልታ በፊት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ እወርዳለሁ። የራሴን ደጅ ሳልረግጥ እሳቸው ዘንድ ለቅሶ መድረስ አለብኝ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ በአንድ ቀን ብዘገይባት እንድትረዳኝ።

የእህታቸው የበቀለች ቤት ከመንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ጻፊልኝ። ሰው ብጠይቅ የሚያውቃቸው በማን ስም እንደሆነም ጻፊልኝ።

ሌላም አለ። እኔ ከኦሮምኛ የማውቀው የገበያውን ብቻ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ጨምር። ይኼ ለዚያ ቀን አይሆንም። ልጅ ለሞተባት እናት ምን እንደሚባል ሰው ጠይቀሽ፣ በእኛ ፊደል፣ በትልልቁ ጽፈሽ ወደ ፊቼ በሚመጣ መኪና ላኪልኝ፤ መናኸሪያው ላይ እቀበለዋለሁ። ዓይኔ እንደድሮው አይደለም። ከፊቼ እስከ ጫንጮ እለማመደዋለሁ።

አባትሽ አብዱሰመድ